ለቆየች ኮሮላ ነዳጅ የሚቆጥብ ጎማ፦ የትኛውን ልግዛ?

የለቡዋ ኮሮላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራቱም ጎማዬ ሊሾ ሊሆን ነው፣ መቀየር አለብኝ። መኪናዬ ከአሜሪካ የገባች የ2006 ኮሮላ ናት፣ 1.8፣ ኦቶማቲክ። ሥራ ቀን ከለቡ መገናኛ እመላለሳለሁ፣ አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ እወጣለሁ። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ለነዳጅ የማወጣው ከቤት አስቤዛ እየበለጠ ነው። መኪና ልቀይር እንዳልል በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ በኋላ የቆዩትም ዋጋቸው አይቀመስም። ስለዚህ ይቺኑ ተንከባክቤ መንዳት ነው የያዝኩት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ጎማ ስቀይር ነዳጅ የሚቀንስ መርጦ መግዛት ይቻላል? ሱቅ ስጠይቅ ሁሉም «ይሄ ነዳጅ ይቆጥባል» ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ግን አላገኘሁም። አሁን የተገጠመላት 205/65/15 ነው፣ ስገዛትም እንዲሁ ነበረች። ሦስት አማራጭ ቀርቦልኛል። አንዱ ርካሽ አዲስ የቻይና ጎማ ነው። ሁለተኛው ዋጋው እጥፍ የሚጠጋ የጃፓን ብራንድ። ሦስተኛው ከውጭ የገባ ያገለገለ ጎማ፣ ጥርሱ ገና ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

መካኒክ ከሳሪስ፦
እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት መጠየቅሽ ጥሩ ነው። መጀመሪያ የሹፌሩን በር ክፈቺና ምሰሶው ላይ ያለውን ተለጣፊ አንብቢ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ኮሮላ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኚው 195/65/15 ነው። 205ቱን ያስገባው ሰው ወይ 195 በጊዜው ስላጣ ነው፣ ወይ ሰፋ ሲል መኪናውን ያሳምራል ብሎ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ፣ 15 ደግሞ የቸርኬው ኢንች። አሥር ሚሊ ሜትር ምንም አይመስልም፣ ግን ሒሳቡን እንሥራው። 195/65/15 ከዳር እስከ ዳር ቁመቱ 634 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 205/65/15 ደግሞ 647 ገደማ። ሁለት በመቶ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ መኪናሽ በእውነት 102 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ዳሽቦርዱ የሚቆጥርልሽ 100 ነው። ነዳጅሽን በዳሽቦርዱ ኪሎ ሜትር እያካፈልሽ ከሆነ መኪናዋ ከምትበላው በላይ የምትበላ ትመስልሻለች። በዚያ ላይ ሰፊው ጎማ ይከብዳል። በትራፊክ ቆመሽ በተነሣሽ ቁጥር ያንን ክብደት የምታሽከረክሪው በቤንዚን ነው። ወደ 195 ተመለሺ፣ ይሄ ምንም ተጨማሪ ዋጋ የማይጠይቅ ቁጠባ ነው።

ግን ደግሞ «ቀጭን ይሻላል ከተባለ» ብለሽ ከተለጣፊው በታች አትውረጂ። አዲስ 195/65/15 ጎማ ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ 91 የሚል ታያለሽ፣ አንድ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ቁጥር ያለው ጎማ ቢሰጡሽ አትቀበዪ።

የቪትዝ ልጅ፦
ይቅርታ ግን እኔ በዚህ አልስማማም። ነዳጅ የሚበላው ሞተሩ ነው፣ ጎማ አይደለም። ካንዴላ ያረጀበት፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ የሞተበት፣ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ የተጣለበት ስንት መኪና አለ። መካኒክ «ውኃ እንዳይፈላ» ብሎ ቴርሞስታት ያወጣል፣ ከዚያ ሞተሩ ሳይሞቅ ቀኑን ሙሉ ወፍራም ነዳጅ (ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ) እየጠጣ ይሄዳል። ለጎማ የምታወጪውን እጥፍ ገንዘብ ለዚህ ብታውዪው ይሻልሻል። ርካሹን ግዢና የተረፈሽን ለሰርቪስ አድርጊው።

ፍራንክፈርት ያለሁት፦
ወንድሜ ስለ ቴርሞስታቱ ያልከው ልክ ነው፣ ስለ ጎማው ግን አይደለም። ሞተሩ ያመነጨውን ጉልበት የሚበላው ምንድን ነው ብለህ ጠይቅ። የንፋስ ግፊት፣ ፍሬን በያዝክ ቁጥር የሚባክነው፣ እና ጎማው ራሱ። ጎማ መንገዱን በነካበት ቦታ ይጨፈለቃል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። ሲመለስ ግን የሰጠኸውን ሁሉ አይመልስም፣ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ረጅም መንገድ ነድተህ ጎማውን ስትነካው የሚሞቀው ከአስፋልቱ የተነሣ ብቻ አይደለም።

እዚህ አውሮፓ ጎማ ሁሉ ተለጣፊ አለው። ከ2021 ግንቦት ወር ጀምሮ (በፈረንጆቹ) የነዳጅ ደረጃው ከኤ (ምርጡ) እስከ ኢ (ደካማው) ነው። ለቤት መኪና ኤ ማለት ከ6.5 ኪሎ የማይበልጥ መጎተት ለእያንዳንዱ ቶን ክብደት፣ ኢ ማለት ደግሞ 10.6 እና ከዚያ በላይ። ይሄን ወደ እሷ ኮሮላ እናምጣው። ሰው ተጭኖባት 1,300 ኪሎ ብትሆን፣ በኤ ጎማ ሜዳ ላይ እንድትንከባለል የሚገፋት ጉልበት 8.5 ኪሎ ገደማ ነው። በኢ ጎማ ወደ 14 ኪሎ ይጠጋል። ሞተሩ አንድ፣ መኪናዋ አንድ፣ መንገዱም አንድ ነው። ልዩነቱ ላስቲኩ ብቻ ነው።

ይሄ ማለት ግን ነዳጅ በግማሽ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ሰፊው ተቀባይነት ያለው ስሌት የጎማው መጎተት 10 በመቶ ሲቀንስ ነዳጁ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንሳል የሚል ነው። ከደካማ ጎማ ወደ ጥሩ ጎማ ብትሄድ 3፣ 4፣ ምናልባት 5 በመቶ ነው። አውሮፓ ኅብረትም ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው ሲኬድ እስከ 7.5 በመቶ ነው የሚለው። ማንም 20 በመቶ ይቀንሳል ቢልሽ እህቴ አትመኚው።

ጎሚስታው ከመገናኛ፦
ሰላም ልጆቼ። እኔ ጎማ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ብራንድ ከማውራታችሁ በፊት ስለ ንፋስ ተናገሩ።

እኔ ጋ ከሚመጡ መኪናዎች የበዙት ንፋሳቸው ጎዶሎ ነው። በፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው ቁጥር) 22፣ 24፣ አንዳንዱ 18 ሆኖ ይመጣል። ባለቤቱ አያውቅም። የዛሬ ጎማ ጎዶሎ ሆኖ እንኳ በዓይን ሲታይ ሙሉ ይመስላል። በእግር ረገጥ አድርጎ መሞከርም ምንም አይነግርም። አየር የጎደለው ኳስ እንደማይነጥር፣ ንፋስ የጎደለው ጎማም አይንከባለልም፣ ሞተሩ እየጎተተው ነው የሚሄደው። ዳርና ዳሩ ቀድሞ ያልቃል፣ መሐሉ ይተርፋል። መኪናችሁ ጎማዋ በሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ንፋስ ስትጎድል ነው የኖረችው።

ሌላው ስህተት ጎማው ጎን ላይ 44 ወይም 51 ተጽፎ አይተው «ይሄን ያህል ሙላልኝ» የሚሉ ናቸው። ልጄ፣ ያ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው። የመኪናሽ ልክ በር ላይ ያለው ነው። የኮሮላሽ በር 30 ካለ 30 ሙዪ፣ ሰው ጭነሽ አዳማ ስትወጪ 32 ወይም 33 ብታደርጊው አይከፋም። ነዳጅ ይቀንሳል ብለሽ 40 ብታደርጊው ግን ኮብልስቶን ላይ ትዘላለች፣ መሐሉ ብቻ ያልቃል፣ ዝናብ ላይ ትንሸራተታለች፣ ጉድጓድ ሲመታትም ጎማው ጎኑ ላይ ያብጣል።

የሚለካው ጠዋት ነው፣ መኪናው ሳይነሣ። ነድተሽ መጥተሽ ብትለኪ በሙቀቱ ሦስት አራት ጨምሮ ያሳይሻል፣ «በዝቷል» ብለሽ ታስተነፍሺዋለሽ፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጎዶሎ ሆኖ ያድራል። የራስሽን መለኪያ ግዢ። ውድ አይደለም፣ ጋቢና ኪስ ውስጥ ይገባል። የኛ የኮምፕሬሰር መለኪያ በቀን ስንት ጊዜ መሬት ይወድቃል፣ ሁሉም ትክክል ይናገራል ማለት አልችልም።

የለቡዋ ኮሮላ፦
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎን አንብቤ ሄጄ አየሁ፣ እውነትም የፊቶቹ ጠርዝና ጠርዛቸው ነው ያለቀው። መለኪያ እገዛለሁ።

ፍራንክፈርት ላለኸው ወንድሜ፦ ያ ተለጣፊ እኛ ጋ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ጎማ ላይ የለም። ታዲያ በምን ልለይ? ደግሞ ነዳጅ የሚቆጥብ ጎማ ዝናብ ላይ ያንሸራትታል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? ለቡ መንገድ ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ፍራንክፈርት ያለሁት፦
ድሮ እውነት ነበር። ላስቲኩን ጠንካራ ስታደርጊው በቀላሉ ይንከባለላል፣ ግን እርጥብ መንገድ አይነክስም። ይሄን የቀየረው ሲሊካ ነው። በፊት ላስቲኩ ውስጥ የሚገባው ማጠንከሪያ ጥቁሩ የካርቦን ዱቄት ነበር። ሚሸሊን በ1992 ሲሊካ የገባበትን ጎማ ለገበያ አቀረበ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። በሲሊካ ላስቲኩ ሲንከባለል ያነሰ ሙቀት ያወጣል፣ ፍሬን ሲያዝ ግን እርጥቡን መንገድ ይይዛል። ዋጋውም የሚወደደው በከፊል በዚህ ነው። ስለዚህ ርካሽ ጎማ ላይ «ኢኮ» የሚል ቃል ተጽፎ ስታዪ ጠርጥሪ። ቃሉን መጻፍ ምንም ወጪ የለውም፣ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ የሚያስገኘው ላስቲክ ግን ወጪ አለው።

ተለጣፊ ከሌለ እንዲህ አድርጊ። ጎማው ጎን ላይ ያለውን የሞዴል ስም ሙሉውን ጻፊ፣ ብራንዱን ብቻ አይደለም። ከብሪጅስቶን ኢኮፒያ የሚባለው፣ ከደንሎፕ ኢናሴቭ፣ ከዮኮሃማ ብሉአርዝ፣ ነዳጅ እንዲቆጥቡ ታስበው የተሠሩ መስመሮች ናቸው። ከዚያ የአውሮፓ ኅብረት ኤፕሬል የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ መዝገብ አለው፣ ስሙንና መጠኑን አስገብተሽ ደረጃውን ታያለሽ። ጃፓኖቹም ከ2010 ጀምሮ የራሳቸው ደረጃ አላቸው፣ ከሦስት ኤ እስከ ሲ። ልብ በዪ፣ አንድ ሞዴል በ15 ኢንች ቢ ቢያገኝ በ14 ኢንች ሲ ሊሆን ይችላል። የራስሽን መጠን ነው የምትፈልጊው።

የዝናቡ ደረጃ ከነዳጁ ጎን ለብቻው ተጽፏል። እኔ ብሆን ነዳጅ ቢ ዝናብ ቢ የሆነውን፣ ነዳጅ ኤ ሆኖ ዝናብ ዲ ከሆነው አስቀድማለሁ።

የአዳማ መንገድ፦
ይሄን የመጨረሻውን ሁሉም ያስምርበት። በሐምሌ ዝናብ የፍጥነት መንገዱ ላይ ከፊትህ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም የቆጠብከው ሁለት ሊትር ምንም አይሠራልህም።

ስለ ያገለገለው ጎማ ደግሞ እኔ ልናገር። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚል ጽሑፍ ጀምሮ ቁጥርና ፊደል አለ፣ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር ታገኛለሽ። 2315 ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ። አንዳንዱ ጎማ ቁጥሩ በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሆነ ወደ ውስጥ ዞሮ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል፣ ሳይገጠም እዪው። ያገለገለ ጎማ ጥርሱ ጥሩ የሚሆነው ብዙ ጊዜ መኪናው ቆሞ ስለኖረ ነው። ላስቲክ ግን ቆሞም ያረጃል። ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ጥርሱ መሐል ቀጫጭን ስንጥቅ ይወጣበታል። እንዲህ ያለ ጎማ ነዳጅ ላይ ብዙም ላያስከፋ ይችላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን አይቆምም። ብዙ አምራቾች 10 ዓመት የሞላው ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ይውጣ ነው የሚሉት። እዚህ አገር 8 እና 9 ዓመት የሆነው «ጥርሱ ገና ነው» ተብሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ አንቺን ብሆን ሦስተኛውን አማራጭ ዛሬውኑ እሰርዛለሁ።

ከቨርጂኒያ፦
ሰላም ከዚህ። እኔም ኮሮላ ነው የምነዳው፣ በዴሊቨሪ ሥራ። አሜሪካ ውስጥ ጎማ ላይ የነዳጅ ደረጃ አይጻፍም። የሚጻፈው ትሬድዌር (የጥርሱ ዕድሜ)፣ ትራክሽን (እርጥብ መንገድ መያዝ) እና ቴምፕሬቸር (ሙቀት መቋቋም) ነው። ከአሜሪካ ገበያ የመጣ ጎማ ጎን ላይ ታገኙታላችሁ። ትሬድዌር 600 የሚለው ከ300ው ይልቅ ረጅም ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል፣ ስለ ነዳጅ ግን ምንም አይናገርም። ሻጮች ይሄን ቁጥር እያሳዩ «ይቆጥባል» ሲሉ ሰምቻለሁ። የሚቆጥበው ጎማውን ራሱን ነው እንጂ ቤንዚን አይደለም።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፋብሪካው መኪናውን ሲሠራ የሚገጥመው ጎማ ነዳጁን ዝቅ እንዲያደርግ ተመርጦ ነው፣ ምክንያቱም መኪና አምራቹ የነዳጅ ደረጃ ማሟላት አለበት። ባለቤቱ በኋላ ከሱቅ የሚገዛው ግን በአማካይ ከዚያ የባሰ የሚጎትት ነው። «መኪናዬ እንደ ድሮው አትቆጥብም» ከሚሉት አንዳንዶቹ ሞተሩ አርጅቶ ሳይሆን ጎማው ተቀይሮ ነው።

የቪትዝ ልጅ፦
እሺ፣ የጎማው መጎተት ድርሻ እንዳለው ገብቶኛል። ግን አሁንም ለተራ ሰው ያ 4 በመቶ እጥፍ ዋጋ ያወጣል ወይ? ሒሳቡን አምጡና እንየው።

ራይድ ላይ ነኝ፦
እኔ ላምጣው፣ ሥራዬ ነውና። ለሒሳብ እንዲቀል በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ትነዳለች እንበል፣ በከተማ 10 ኪሎ ሜትር በሊትር። 100 ሊትር ነው። ሊትሩን 120 ብር ብትይዙት በወር 12,000 ብር። ከዚህ 4 በመቶ 480 ብር ነው። በዓመት 5,760። ጎማው አራት ዓመት ቢያገለግላት 23,000 ብር ገደማ። እንግዲህ በአራቱ ጎማ ላይ ያለው የዋጋ ልዩነት ከዚህ ካነሰ ትገዛለች፣ ከበለጠ በነዳጅ ብቻ አይመለስላትም። እንደኔ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል፣ እኔ ሳላመነታ ነው ጥሩውን የምገዛው። በወር 300 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ግን ለነዳጅ ብሎ እጥፍ መክፈል አያዋጣም፣ በዝናብ የሚይዘውን መካከለኛ ዋጋ ፈልጎ ይግዛ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓደኞቼ «ይበረክታል» ብለው ለሚኒባስ የተሠራ ባለ 8 ንጣፍ ጎማ ቤት መኪና ላይ ያስገጥማሉ። ቶሎ አይፈነዳም፣ እውነት ነው። ግን ይከብዳል፣ ጎኑ አይታጠፍም፣ ጉድጓዱን ሁሉ ወደ አሞርዛተሩ ይልከዋል። የጎማውን ገንዘብ ለቡሽና ለአሞርዛተር ይከፍሉታል።

መካኒክ ከሳሪስ፦
የራይዱ ወንድሜ ሒሳብ ግሩም ነው። እኔ ደግሞ ጎማው ተቀይሮ ነዳጁ ሳይቀንስ ሲቀር የሚከሰተውን ልንገራችሁ። ሁለት ነገር ነው። አንዱ አላይመንት ነው። የፊት ጎማዎቹ ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከዞሩ መኪናው ቀጥ ብሎ ቢሄድም ጎማዎቹ በየሜትሩ ጎን ለጎን እየተፋቁ ነው። ጥርሱን በእጅሽ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ዳብሺው። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘሽ አላይመንቱ ጠፍቷል። ግን አላይመንት ከማሠራትሽ በፊት የመሪ ጫፎቹና ቡሾቹ ይታዩ፣ ያ ከላላ አላይመንቱ በሳምንት ውስጥ ይበላሻል።

ሁለተኛው የሚይዝ ፍሬን ነው። በቆየ መኪና ላይ በጣም የተለመደ ነው። የፍሬኑ ፒኒዎች (ፍሬኑ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች) ቅባት አጥተው ይደርቃሉ፣ ሸራው ከዲስኩ ላይ አይለቅም። ጎማ ለመቀየር በክሪክ ስትነሣ እያንዳንዱን ጎማ በእጅሽ አሽከርክሪው፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬኑም ተለቆ። መኪናዋ ስለምትንቀሳቀስ የቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ይያዙ። በነፃነት መዞር አለበት። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ቶሎ ከቆመ እዚያ ጋ ነዳጅሽ እየተቃጠለ ነው። ለዚህ በዓለም ምርጡ ጎማም መፍትሔ አይሆንም።

ዲኤክስ አይሸጥም፦
የእኔ 13 ኢንች ናት፣ አባቴ የገዙት ዲኤክስ። ለኛ የኢኮ ጎማ ምርጫው ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ያገኘነውን አዲስ ቀን ያለው ጎማ እንገዛለን፣ የቀረውን በንፋስና በአላይመንት ነው የምንሞላው። ካርቡሬተር ላላችሁ ደግሞ የአየር ማጣሪያ እዩ። ኢንጀክሽን መኪና ላይ የቆሸሸ ማጣሪያ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ነዳጁን ብዙም አያበዛም፣ ኮምፒዩተሩ ያስተካክለዋል። ካርቡሬተር ላይ ግን ነዳጁ ይወፍራል። ፖርቶ መጋላውንም (ጣሪያ ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ) የማትጠቀሙበት ከሆነ ፍቱት፣ አዳማ መንገድ ላይ ንፋስ ይይዛል።

የለቡዋ ኮሮላ፦
ስንት ነገር ተማርኩ! ናይትሮጅን አስሞዪ የሚሉኝስ? በየጎማው ያስከፍላሉ።

ፍራንክፈርት ያለሁት፦
የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ንጹሑ ትንሽ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ያ እውነት ነው። ግን በወር አንዴ ጠዋት ከለካሽ በተራው አየር ተመሳሳይ ውጤት ታገኛለሽ። ገንዘብሽን አስቀምጪው።

የአዳማ መንገድ፦
ስለ ንፋስ ካነሣችሁ፣ ወደ ቆላ የምትወርዱ ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አዋሽ 1,000 ገደማ። ከላይ 30 ሞልታችሁ ስትወርዱ ታች ያለው አየር ከውጭ ስለሚጫን መለኪያው በ2 ገደማ ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ስለዚህ ለደርሶ መልስ መነካካት አያስፈልግም። እዚያ ለምትሰነብቱ ግን በማግስቱ ጠዋት ለክታችሁ አስተካክሉ፣ ስትመለሱም እንዲሁ።

ከቨርጂኒያ፦
እህታችን ከመግዛትሽ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። አዲሱን ጎማ አስገጥመሽ የመጀመሪያ ሳምንታት ነዳጁ የጨመረ ቢመስልሽ አትደንግጪ። ያለቀ ጎማ ላስቲኩ ቀጭን ስለሆነ ሲጨፈለቅ የሚባክነው ያነሰ ነው፣ ከአዲስ ጎማ ይልቅ በቀላሉ ይንከባለላል። በዚያ ላይ ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ሲያልቅ ጎማው በቁመት 12 ሚሊ ሜትር ያጥራል፣ በ195/65/15 ላይ ሁለት በመቶ ገደማ ነው። ያጠረ ጎማ ዳሽቦርዱን ብዙ ኪሎ ሜትር ያስቆጥረዋል፣ አዲሱ ደግሞ በትክክል ያስቆጥራል። በአንቺ መኪና ላይ ከ205 ወደ 195 ስለምትወርጂ ይሄኛው ልዩነት እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ሌሎቻችሁ ግን አስቡት። አዲስን ከሊሾ ጋር ማወዳደር ልክ አይደለም። አዲስን ከአዲስ ነው።

ለመለካት ታንኩን ሙሉ እስከ ሙሉ ሙዪ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ማደያ። ኪሎ ሜትሩን በስልክሽ ጂፒኤስ አመሳክሪው። አንድ ታንክ ምንም አይነግርሽም፣ በርከት ያሉትን ደምረሽ አካፍዪ።

ራይድ ላይ ነኝ፦
እኛ ጋ ሊትሩን መመዝገብ ቀላል ሆኗል። ነዳጅ በቴሌብር ስትከፍሉ መልእክቱ ስልካችሁ ላይ ይቀራል፣ ብሩን በሊትሩ ዋጋ ማካፈል ብቻ ነው። እኔ ጎን ለጎን ኪሎ ሜትሩን እጽፋለሁ። ሰልፉ ረዝሞ ሙሉ መሙላት ካልቻላችሁ ያንን ጊዜ ከሒሳቡ አታውጡት፣ ሊትሩን ከሚቀጥለው ሙሉ ጋር ደምሩት።

የለቡዋ ኮሮላ፦
እሺ፣ ወስኛለሁ። 195/65/15፣ 91፣ የተሠራበት ቀን ካለፈው ዓመት ወዲህ የሆነ፣ ነዳጅም ዝናብም ቢ የሆነ ካገኘሁ እሱን። ዋጋው ከሒሳቡ በላይ ከሆነ የነዳጁን ወደ ሲ ዝቅ አድርጌ የዝናቡን ቢ እይዛለሁ። በዚያው ቀን ፍሬኑ እንዲታይ፣ ከዚያ አላይመንት። ገንዘቤ ግን ለአራት ካልደረሰ መጀመሪያ ሁለቱን ብገዛ ከፊት ነው ከኋላ የምገጥመው? ስኮርቱስ (መለዋወጫ ጎማው) አሁን 205 ነው፣ ይቆይ?

ጎሚስታው ከመገናኛ፦
ልጄ፣ አራቱን አንድ ላይ ብትገዢ ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም ወርደሽ መጠን እየቀየርሽ ነው። ሁለቱ 205 ሁለቱ 195 ሆነው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ካላት ኮምፒዩተሩ የጎማዎቹ ፍጥነት የተለያየ ይመስለዋል። ትንሽ ታግሠሽ ገንዘቡን አሟዪ፣ እስከዚያ ንፋሱን ጠብቂ። ግን ጥርሱ መሐል ያሉት ትንንሽ ድልድዮች ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ደርሷል ማለት ነው፣ ያኔ መታገሥ የለም።

ሌሎቻችሁ መጠን ሳትቀይሩ ሁለት ብቻ የምትገዙ አዲሶቹን ከኋላ ግጠሙ። ብዙ ሰው ከፊት ይላል፣ እኔ ግን ከኋላ ነው የምለው። ዝናብ ላይ የፊቱ ሲንሸራተት መሪው ይነግራችኋል፣ እግራችሁን ታነሣላችሁ። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ዞሮ ነው የምታውቁት። ከዚያ በየ8,000 ወይም 10,000 ኪሎ ሜትር ፊትና ኋላውን አቀያይሩ፣ እኩል እንዲያልቁ።

ስኮርቱ 205 ቢሆንም ከለቡ እስከ ጎሚስታ ያደርስሻል፣ ለጊዜው ይቆይ። ከፊት ጎማ አንዱ ከፈነዳ ግን ስኮርቱን ከኋላ ግጠሚና የኋላውን ወደ ፊት አምጪው፣ የሚነዳው የፊቱ ስለሆነ ሁለቱ እኩል ይሁኑ። ቀስ ብለሽ ንጂ። አሁኑኑ ግን ንፋሱን አስለኪው፣ ስኮርት ጎማ የሚለካው ሰው ስለሌለ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የሚገኘው።